ፕሮሹቶ በሜሎን፦ ጣፋጭ ፍራፍሬንና ጨዋማ ሥጋን አጣምሮ የማቅረብ መመሪያ

ሰኔ በገባ ቁጥር ስለ ፕሮሹቶ፣ ማለትም ጣሊያኖች ከአሳማ የኋላ እግር ስለሚያዘጋጁት ጨዋማ ሥጋ፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ ጣሊያን ውስጥ በሰው ቤት የሚሠሩ፣ በሆቴል የቀዝቃዛ ምግብ ክፍል አዲስ የተቀጠሩ ወይም አውሮፓዊ እንግዳ የጠሩ ሰዎች ናቸው። «ፕሮሹቶና ሜሎን አዘጋጂ ተባልኩ፤ ምኑ ነው የሚዘጋጀው?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እሳት አይነድበትም፣ ሽንኩርት አይቁላላበትም፤ ሁለት ነገር ተቆርጦ አንድ ሳህን ላይ ይቀመጣል። የሚበላሸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥሬው ሜሎን ወይም ወፍራሙ ሥጋ የሚደበቅበት መረቅ የለም። ሥራው ያለው በመምረጥ፣ በመቁረጥና በሰዓቱ በማቅረብ ላይ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጡት ጥያቄዎች «አሳማ አልበላም፤ ሳልቀምስ እንዴት ላሰናዳው?» እና «በበሬ ሥጋ አይሆንም ወይ?» የሚሉ ናቸው። ሁለቱንም በየቦታቸው እመልሳለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ደንብ ይያዙ፤ የቀረው ሁሉ ከእርሱ ይከተላል። ጨው ምላስ ላይ ምሬትን አፍኖ ጣፋጭነትን ያጎላል። የሥጋው ጮማ የፍራፍሬውን መዓዛ አፍ ውስጥ ያቆየዋል፤ የፍራፍሬው ውሃ ደግሞ ጨዉን ያለዝበዋል። ስለዚህ ሥጋው ጮማና ጨው በበዛበት መጠን ውሃ የበዛበት ፍራፍሬ ይፈልጋል። ጮማ የሌለው ደረቅ ቀይ ሥጋ ከሆነ ግን ፍራፍሬ ብቻውን አይበቃውም፤ የወይራ ዘይት ይጨመርለታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ4 ሰው፣ እንደ መክፈቻ ምግብ)

- ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ 1 ሜሎን፣ 1 ኪሎ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ
- ከ120 እስከ 150 ግራም በስሱ የተቆረጠ ፕሮሹቶ
- ያልተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ከነመፍጫው
- ጥቂት የናና ቅጠል (ባይኖርም ምንም አይጎድልም)
- ግማሽ ሎሚ፣ ለመጠባበቂያ
- የአትክልት ብሩሽ፣ ረጅም ስለታም ቢላዋ፣ ቀጭን ትንሽ ቢላዋ፣ ማንኪያ
- ሁለት መክተፊያ፣ የወጥ ቤት ወረቀት፣ ሰፊ ዝርግ ሳህን

ጨው፣ ስኳርና ማር ከዝርዝሩ የቀሩት ተረስተው አይደለም። መክተፊያው ሁለት የሆነው የሜሎኑ ልጣጭ ቆሻሻ ወደ ሥጋው እንዳይተላለፍ ነው። አሳማ የሚበላና የማይበላ ሰው አብሮ በሚኖርበት ቤት ደግሞ ለአሳማው የተለየ መክተፊያና ቢላዋ መመደብ ብዙ ቅሬታ ያስቀራል።

አሠራር

1. ትክክለኛውን ሥጋ ይግዙ። ጣሊያኖች ፕሮሹቶ የሚሉት ነገር ሁለት ዓይነት ነው። «ክሩዶ» በጨው ታሽቶ ለወራት በአየር የደረቀ ሲሆን «ኮቶ» ደግሞ የተቀቀለ ነው። ለሜሎን የሚሆነው ክሩዶው ነው። ኮቶው ለስላሳና ጨው የቀነሰ ስለሆነ ከፍራፍሬ ጋር ሲገናኝ ጣዕሙ ይጠፋል። ከባንኮኒው ፊት ቆሞ «ፕሮሹቶ» ብቻ ብሎ መጠየቅ የተሳሳተውን ይዞ ወደ ቤት ለመመለስ ይዳርጋል።

ስማቸው ከታወቁት ውስጥ የፓርማ ፕሮሹቶ ከአሳማ የኋላ እግርና ከጨው በቀር ምንም አይገባበትም፤ ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል፤ ቆዳው ላይ ባለ አምስት ጫፍ ዘውድ ታትሞበታል። በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን የሚዘጋጀው የሳን ዳኒዬሌ ፕሮሹቶም እንዲሁ ከጨው ሌላ የሚጨመርበት የለም። ሁለቱም ለዚህ ምግብ ይሆናሉ። የስፔኑ ሃሞን ሴራኖ ጠንከርና ጨው ጨመር ያለ በመሆኑ ትንሽ ትንሽ ተደርጎ መቆረጥ አለበት።

ጣሊያን ውስጥ በሱቅ የሚጠየቀው በ«ኤቶ» ሲሆን አንድ ኤቶ 100 ግራም ነው። «ኡን ኤቶ ኤ ሜዞ፣ ሶቲሌ» ካሉ 150 ግራም በስሱ ይቆረጥልዎታል። የመጀመሪያው ቁራጭ ከማሽኑ ሲወጣ ይመልከቱት፤ ከፍ ሲያደርጉት ብርሃን ማሳለፍ አለበት። ወፍራም ቁራጭ ለምን አይሆንም? ሜሎኑ በሁለት ማኘክ ያልቃል፤ ወፍራሙ ሥጋ ግን ከዚያ በኋላ ብቻውን አፍ ውስጥ ይቀራል፤ የሚቀረውም ጨው ነው። ቁራጮቹ ሳይደራረቡ ወረቀት ላይ ተነጥለው እንዲቀመጡም ይጠይቁ፤ አንድ ላይ የተከመረ ፕሮሹቶ ቤት ሲደርስ ተጣብቆ ሲላቀቅ ይቀዳደዳል።

ቀዩ ሥጋ ላይ ጥቃቅን ነጫጭ ነጥቦች ቢያዩ አይደንግጡ። ሻጋታም ጨውም አይደሉም፤ ሥጋው ሲቆይ ፕሮቲኑ ተሰባብሮ የሚፈጠሩ ታይሮሲን የሚባሉ ቅንጣቶች ናቸው። በደንብ የቆየ ሥጋ ምልክት ነው።

2. የበሰለ ሜሎን ይምረጡ። ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ሜሎን ከተቆረጠ በኋላ ስኳሩ አይጨምርም። ቤት ቢያስቀምጡት ይለሰልሳል፣ መዓዛውም ይጨምራል፤ ጣፋጭነቱ ግን ከማሳው ይዞት የመጣው ብቻ ነው። «ሁለት ቀን ይቆይና ይጣፍጣል» ብሎ ጥሬ ሜሎን መግዛት ዋጋ የለውም።

በእጅዎ ያንሱት፤ ከመጠኑ ይልቅ ሊከብድዎት ይገባል። ከግንዱ በተቃራኒ ያለውን ጫፍ ያሽትቱ፤ ጣፋጭ ሽታ ከሌለው ይመልሱት፤ የጠጅ ጠጅ የሚል ሽታ ካለውም አልፎበታልና እርሱንም ይመልሱት። ያንኑ ጫፍ በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ ገባ ይበል። መረብ የመሰለ ልጣጭ ካለው ደግሞ በመረቡ መካከል ያለው ቀለም ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ የሄደ ይሁን። ብዙ ሰው መታ መታ አድርጎ ያዳምጣል፤ ይህ ለሐብሐብ እንጂ ለሜሎን ብዙም አይረዳም። አፍንጫዎን ይመኑ።

3. ሳይቆርጡ ይጠቡት። «ልጣጩ አይበላ፤ ለምን እደክማለሁ?» የሚል አለ። ቢላዋው ልጣጩን አልፎ ወደ ውስጥ ሲገባ በላዩ ያለውን ሁሉ ይዞ ይገባል። ሻካራው ልጣጭ ደግሞ ባክቴሪያ ይደብቃል። በ2011 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) አሜሪካ ውስጥ ሊስቴሪያ በተባለ ባክቴሪያ የተበከለ ሜሎን 33 ሰው ገድሏል። በሚወርድ ውሃ ስር በብሩሽ ይሹት፣ በወረቀት ያድርቁት። ሳሙና አያስፈልግም።

4. ሜሎኑን ያቀዝቅዙ፣ ሥጋውን ያውጡ። ሜሎኑ ሳይቆረጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ 1 ሰዓት ይቆይ። ከዚያ በላይ አይርሱት፤ በጣም የቀዘቀዘ ፍራፍሬ ጣፋጭነቱ ምላስ ላይ ይደበዝዛል። ፕሮሹቶው በተቃራኒው ከማቅረብዎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በፊት ከነወረቀቱ ይውጣ። ቀዝቃዛ ጮማ ሰም ሰም ይላል፤ የክፍሉን ሙቀት ሲያገኝ ግን ለስልሶ አፍ ውስጥ ይቀልጣል። የዚህ ምግብ ደስታ ግማሹ ይህ ነው፤ ሥጋን ከማቀዝቀዣ አውጥቶ ወዲያው ማቅረብ በሆቴል ቤቶች ሳይቀር የማየው ስንፍና ነው።

5. ሜሎኑን ይቁረጡ። ከግንዱ ወደ ታች ለሁለት ይክፈሉት። ፍሬውን በማንኪያ ጠርገው ያውጡ፤ ፍሬው የተያያዘበት ጭረት ጭረት ክፍል ካልወጣ ውሃው ሳህኑን ያጥለቀልቀዋል። እያንዳንዱን ግማሽ ለ4 ወይም ለ6 ይክፈሉት። ከዚያ በቀጭኑ ቢላዋ የልጣጩን ጥምዝ ተከትለው ይላጡ። ከልጣጩ ቀጥሎ ያለውን አረንጓዴ ንብብር አብረው ያስወግዱት፤ ጠንካራ ነው፣ አይጣፍጥም። ስስት ይዟችሁ አረንጓዴውን አታስቀሩ የምላቸው ሁሉ ያስቀሩታል።

አሁን ከጫፉ አንድ ቁራጭ ይቅመሱ። ይህ የግድ ነው፤ ቀጣዩ ውሳኔ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጣፍጦ መዓዛ ካለው ይቀጥሉ። እጅግ ከጣፈጠና ከለሰለሰ ሁለት ሦስት ጠብታ ሎሚ ያነቃዋል። ውሃ ውሃ ካለ ደግሞ ስኳር አይነስንሱበት፤ ስኳሩ ውሃ ጎትቶ ያወጣና ይባስ ያቀልጠዋል። ይልቁንስ በስሱ ቆርጠው በቁንዶ በርበሬ፣ በሎሚና በናና ያግዙት፤ ሥጋውንም ይቀንሱ። ወይም ሐሳብዎን ቀይረው የበሰለ የወይን ፍሬ ይጠቀሙ፤ ማንም አይቆጣም።

6. ያጥልሉት። ቁራጮቹን በወረቀት ላይ ለ5 ደቂቃ ያሳርፉ። እርጥብ ሜሎን ላይ የተቀመጠ ፕሮሹቶ ውሃ ጠጥቶ ይገረጣል።

7. ፕሮሹቶውን ይነጥሉ። እያንዳንዱን ቁራጭ ከጮማው ጠርዝ ይዘው ቀስ ብለው ያንሱ። ነጩን ጮማ አይቁረጡ! ከሚደርሱኝ ፎቶግራፎች ግማሾቹ ላይ ጮማው ተለቅሞ ተጥሏል። ለጤና ታስቦ ይሆናል፤ ነገር ግን ጮማው ሲሄድ የሚቀረው ደረቅ ጨው ነው። መወገድ ያለበት ከዳር የቀረ ጠንካራ ቆዳ ካለ እርሱ ብቻ ነው።

8. ያጣምሩ። ሜሎኑን ሳህኑ ላይ እንደ ማራገቢያ ይዘርጉ። ፕሮሹቶውን ነጠላ ትከሻ ላይ ጣል እንደሚደረግ በላዩ ጣል ያድርጉት፤ እጥፋቶቹ መሐል አየር ይግባ። አጥብቆ መጠቅለል ሥጋውን ያወፍረዋል፤ በስሱ ያስቆረጡበትም ድካም ከንቱ ይሆናል። ለአንድ ሰው 3 የሜሎን ቁራጭና 2 ወይም 3 የፕሮሹቶ ቁራጭ ይበቃል።

9. ቁንዶ በርበሬ አንድ ሁለት ጊዜ ፈጭተውበት ወዲያው ያቅርቡ። «ወዲያው» ስል ቢበዛ በ10 ደቂቃ ውስጥ ማለቴ ነው። የሥጋው ጨው የፍራፍሬውን ውሃ መሳብ የሚጀምረው እንደተነካኩ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳህኑ ላይ ጨዋማ ጭማቂ ተጠራቅሞ ያገኙታል። እንግዳ ከዘገየ ሁለቱን ለየብቻ አዘጋጅተው ይጠብቁ።

ቆሞ ለሚበላ እንግዳ ከሆነ ሜሎኑን ጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል በሆነ ዳይስ (አራት ማዕዘን ቁራጭ) ይቁረጡና ግማሽ ፕሮሹቶ አጣጥፈው በስቴኪኒ ያያይዙት።

ሳይቀምሱ ለሚያሰናዱ

የማይበሉትን ምግብ በደንብ ማቅረብ ይቻላል፤ አፍ የሚሠራውን ሥራ ዓይን፣ አፍንጫና መለያው ይሠሩታል።

የጨዉን መጠን ከመለያው ያንብቡ። አውሮፓ ውስጥ በታሸገ ምግብ ላይ በ100 ግራም ስንት ግራም ጨው እንዳለ ይጻፋል። 4 ወይም 4 ተኩል አካባቢ ከሆነ ከላይ የጻፍኩት መጠን ይሠራል። ከ5 በላይ ከሆነ የሥጋውን ብዛት በሲሶ ይቀንሱ።

ከዚያ ያሽትቱት። ጥሩ ፕሮሹቶ ለስለስ ያለ፣ ወደ ለውዝ የሚወስድ ሽታ አለው። የቆየ ዘይት ወይም የአሞኒያ ሽታ ካለው አያቅርቡት። ቀለሙም ይናገራል። ጮማው ነጭ ወይም ወደ ሮዝ የሚያደላ ይሁን፤ ቢጫ ከሆነ አየር አበላሽቶታል። ጠርዙ የጠቆረና የደረቀ ቁራጭ ከሌላው ይልቅ ጨዋማ ስለሚሆን ጠርዙን ያንሱለት።

ሜሎኑን ግን ራስዎ ይቅመሱ። ቤቱ ውስጥ ሥጋውን የሚበላ ሰው ካለ አንድ ቁራጭ ከሜሎን ጋር አስቀምሶ አስተያየቱን መጠየቅ ነውር የለውም፤ የሆቴል ወጥ ቤቶችም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። በእጅ መንካት ከከበደዎት የወጥ ቤት ጓንት ያድርጉ ወይም በመቆንጠጫ ይሥሩ፤ ቁራጭ የሚያነሣ ሰፋ ያለ መቆንጠጫ ይሻላል።

በበለስ ሲሆን

ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ሜሎኑ እያለቀ በለሱ ይገባል። የቁልቋሉን በለስ አይደለም የምለው፤ ልጣጩ ስስ፣ ውስጡ ቀይና ፍሬያማ የሆነውን ነው። ሮም ውስጥ ነጭ ፒዛ (ቲማቲም የሌለበት ጠፍጣፋ ዳቦ) ተሰንጥቆ በለስና ፕሮሹቶ ይገባበታል፤ የበጋውን ማለቂያ የሚያስመኝ ምግብ ነው።

1. አንገቱ የጎበጠ፣ ልጣጩ ሰንጠቅ ሰንጠቅ ያለ፣ ከታች ባለው ቀዳዳ የማር ጠብታ የመሰለ ነገር ብቅ ያለበትን ይምረጡ። በለስም እንደ ሜሎን ከተቆረጠ በኋላ አይጣፍጥም። የኮምጣጤ ሽታ ካለው አልፎበታል።
2. በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። ውሃ ውስጥ ከዘፈዘፉት ይፈርሳል።
3. ግንዱን ቆርጠው ያንሱ። ነጭ ወተት ከወጣ ፍሬው ገና ጥሬ ነው፤ ወተቱም ከንፈርና ቆዳ ያሳክካል።
4. ከላይ በመስቀል ቅርጽ እስከ ግማሹ ሰንጥቀው ከታች በሁለት ጣት ጫን ይበሉት፤ እንደ አበባ ይከፈታል። ግማሽ የፕሮሹቶ ቁራጭ አጣጥፈው መሐሉ ይሰኩ።

በለስ ከሜሎን ያነሰ ውሃና የበዛ ስኳር ስላለው ሥጋውን ያነሰ ያድርጉት። ለ8 በለስ 80 ግራም በቂ ነው።

በበሬ ሥጋ፦ ብሬዛኦላ በፒር

አሳማ ለማይበሉ ሁሉ መልሴ ይህ ነው። ብሬዛኦላ በሰሜን ጣሊያን አልፕስ ተራሮች ውስጥ በቫልቴሊና ሸለቆ የሚታወቅ፣ ከበሬ ጭን የሚዘጋጅ በጨውና በቅመም የደረቀ ሥጋ ነው። ስፔን ውስጥ ያሉ ሴሲና ብለው ይጠይቁ፤ ሊዮን በተባለው የስፔን አውራጃ የሚዘጋጅ በጭስ የታጠነ የበሬ ሥጋ ነው። ስዊዘርላንድ ያሉ ደግሞ የግራውቡንደንን የደረቀ የበሬ ሥጋ ያገኛሉ።

ከመግዛትዎ በፊት መለያውን ያንብቡ። ብሬዛኦላ ከፈረስና ከሌላ እንስሳም ይሠራል። ጣሊያን ውስጥ «ቦቪኖ» የሚለውን ቃል ይፈልጉ። ሃላል የሚፈልጉ ምልክቱን ሳያዩ አይግዙ፤ የበሬ መሆኑ ብቻ ሃላል አያደርገውም። እስራኤል ውስጥ ኮሸር (የአይሁድ የምግብ ሥርዓት) ለሚጠብቅ ቤት ሲያዘጋጁ ደግሞ ከታች ያለውን አይብ ይተዉት፤ ሥጋና የወተት ውጤት አንድ ላይ አይቀርብም።

ለ4 ሰው፦ 120 ግራም ብሬዛኦላ፣ 2 የበሰለ ግን ያልፈረሰ ፒር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ 1 ሎሚ፣ አንድ እፍኝ ሩኮላ (የሰላጣ ቅጠል)፣ ከተፈለገ ጥቂት የተላጨ የፓርማ አይብ፣ ቁንዶ በርበሬ።

1. ፒሩ መብሰሉን ከአንገቱ አጠገብ ጫን ብለው ይወቁ። ፒር የሚበስለው ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሆነ ሆዱ እስኪለሰልስ ከጠበቁ መሐሉ ፈርሷል። ጥሬ ከሆነ ቤት ያስቀምጡት፤ ፒር እንደ ሜሎን አይደለም፣ ከዛፉ ወርዶ ይበስላል።
2. ግማሽ ሎሚ በግማሽ ሊትር ውሃ ይጭመቁ። ፒሩን ሳይላጡ በስሱ ቆርጠው ውሃው ውስጥ ነክረው ያውጡና ያድርቁ። ሎሚው እንዳይጠቁር ያደርገዋል።
3. ብሬዛኦላውን ሳህኑ ላይ በአንድ ንብብር ይዘርጉ። ዘይቱን በላዩ ያንጠባጥቡ፣ 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ሥጋው ጮማ የለውም ማለት ይቻላል፤ ዘይቱ የጎደለውን ይሞላለታል። ይህን እርምጃ የዘለለ ሰው «የበሬው ደረቅ ነው» ብሎ ያማርራል።
4. ሩኮላውን፣ ፒሩንና አይቡን ይበትኑበት።
5. ሎሚውን ሳህኑ ከወጥ ቤት ሲወጣ ብቻ ይጭመቁ። ቀድሞ ከገባ አሲዱ ቀዩን ሥጋ ያገረጣዋል፤ ደቂቃዎች ውስጥ የተቀቀለ ይመስላል።

ቋንጣስ? ይህንንም ይጠይቁኛል። የእኛ ቋንጣ እስኪሰበር ድረስ ስለሚደርቅ በስሱ አይቆረጥም፤ በርበሬውና ቅመሙም የፍራፍሬውን መዓዛ ይውጠዋል። ለፍርፍሩ ይተዉለት።

በእሳት የሚሠራው፦ ቴምር በቤከን

እንግሊዞችም ስፔናውያንም የሚሠሩት የመጠጥ ማጀቢያ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ በበሬ ቤከን ልትሠሩት ትችላላችሁ፤ ጮማ ያለውን ምረጡ።

1. ለስላሳ ቴምር ወስደው ፍሬውን ያውጡ፤ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ይፈትሹ፤ የቀረ አንድ ፍሬ የሰው ጥርስ ይሰብራል። በፍሬው ቦታ አንድ የተላጠ አልሞንድ ይክተቱ።
2. ግማሽ ቤከን ዙሪያውን ይጠቅልሉ፤ መጋጠሚያው ወደ ታች ይሁን። ስቴኪኒ ከተጠቀሙ እንዳያርር ቀድመው ውሃ ውስጥ ይንከሩት።
3. በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ምድጃ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይጋግሩ፤ መሐል ላይ አንድ ጊዜ ያገላብጡ።
4. ከማቅረብዎ በፊት 5 ደቂቃ ያቀዝቅዙ። የቴምሩ ውስጥ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ አፍ ያቃጥላል።

ለዚህ ብሬዛኦላ አይጠቀሙ፤ ጮማ ስለሌለው ምድጃ ውስጥ ይደርቃል። ፕሮሹቶም ቢሆን ሲጋገር ውሃው ወጥቶ ጨዉ ስለሚጠነክር ስስ ቁራጭና አጭር ጊዜ ይበቃዋል።

ደጋግሜ የማያቸው ሌሎች ስህተቶች

ፕሮሹቶና ሜሎን ላይ ወፍራም ጣፋጭ የባልሳሚኮ (የወይን ኮምጣጤ) ሶስ ማፍሰስ። ሳህኑ ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ስኳር ላይ ስኳር ስለሆነ ግን ሥጋው ይጠፋል። የወይራ ዘይትም እዚህ ትርፍ ነው፤ ጮማው ይበቃል።

በጭስ የታጠነ ሥጋን ከሜሎን ጋር ማቅረብ። እንደ ሰሜን ጣሊያኑ የአልቶ አዲጄ ስፔክ ያለ ጭስ የነካው ሥጋ ለስላሳውን መዓዛ ይሸፍነዋል። ለእርሱ ጎምዘዝ ያለ አረንጓዴ ፖም ይስጡት።

ያለ ቦታው ፓፓያና አናናስ መጠቀም። ኢትዮጵያ ውስጥ ጥሩ ሜሎን ሲጠፋ የበሰለ ፓፓያ ወይም ማንጎ ያገለግላል። ነገር ግን ፓፓያና አናናስ ፕሮቲን የሚሰባብር ኢንዛይም አላቸው፤ ሥጋው ላይ ከቆዩ ያላሽቁታል። በእነርሱ ሲሠሩ ጠረጴዛው ላይ ያጣምሩ። ማንጎ ይህ ችግር የለበትም።

ጥንቃቄ

- ፕሮሹቶም ብሬዛኦላም እሳት ያልነካው ሥጋ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት፣ በጣም ያረጀ ሰው ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው በማዕድ ካለ ሥጋውን ሳያበስሉ አያቅርቡለት። ለእነርሱ ሜሎኑን ከአይብ ጋር ከመደቡ አይብ ያልተፈላ ወተት ውጤት አለመሆኑን መለያው ላይ ያረጋግጡ።
- የደም ግፊት ያለበት ሰው ካለ 50 ግራም ፕሮሹቶ 2 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ጨው እንደሚይዝ ይንገሩት።
- የተቆረጠ ሜሎን ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። የተረፈው ተከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባና በ3 ቀን ውስጥ ይለቅ።
- የተከፈተ ፕሮሹቶ በቅባት ወረቀት፣ ከዚያ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ 2 ወይም 3 ቀን ይቆያል። መድረቅ የጀመረውን ጫፍ ከትፈው በመጥበሻ ላይ ጠበስ ያድርጉትና እንቁላል ይምቱበት፤ ጨው ግን አይጨምሩ።
- ተጣምሮ ያደረ ፕሮሹቶና ሜሎን በምንም አይድንም፤ ይጣል።